ለጎተራ ጥበቃ ስለሚሰጡ የድመት ግልገሎችና ስለ አያያዛቸው

የእህል መጋዘን የምትጠብቅ ድመት እጅ ነከሰች ተብላ በምትባረርበት ጊዜ፣ ንክሻውን ማን እንዳስተማራት የሚመረምር ሹም እምብዛም አይገኝም። ድመቲቱ ትባረራለች፤ አይጡ ይቀራል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ለአይጥ መርዝ መግዣ የሚሆን ገንዘብ እንዲፈቀድ የሚለምን ደብዳቤ ይጻፋል። በጽሕፈት ቤት ወንበር ብዙ ዘመን የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ደጋግሞ ያነባል። ስለዚህ ለዞንና ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለባለ እርሻዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አለቆች ላመለክት የምወደው አሳብ ይህ ነው፤ ድመት ነካሽ ሆና አትወለድም። ነካሽ የሚያደርጋት ያለ ጊዜዋ ከእናቷ መለየቷና የሚቀበላት ሰው እጅ ነው።

ይህ ነገር ለመሥሪያ ቤት ጋዜጣ የማይመጥን ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሒሳቡን ግን እንመልከት። አንዲት አይጥ በቀን 15 ግራም ያህል እህል ብትበላ በዓመት 5 ኪሎ ተኩል ያህል ትፈጃለች፤ መቶ አይጥ ያደረበት መጋዘን በዓመት 5 ኩንታል ተኩል ያጣል ማለት ነው። ይኸውም በሆዷ የገባው ብቻ ነው እንጂ፣ ጆንያ ቀዳ ያፈሰሰችው፣ በሽንቷና በዓይነ ምድሯም ያረከሰችው በዚህ አልተቆጠረም። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ስለሆነ፣ ዛሬ ጥቂት ናቸው ተብለው የተናቁት በመኸር ጊዜ ብዙ ሆነው ይገኛሉ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ሌላም ያውቃል፤ ዳር ዳሩን አይጥ የበላው የብራና መጽሐፍ ያላየ የቆሎ ተማሪ ጥቂት ነው።

መርዙስ? መርዝ ደረሰኝ አለው፤ ድመት ግን ደረሰኝ የላትም። ሹማምንት ወደ መርዝ የሚያዘነብሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ጽላት እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ ነቀዙን፣ አይጡንና በአጠገቡ የተኛውን ዘበኛ ለይቶ አያውቅም። በታሸገ መጋዘን በባለሙያ እጅ እንዲሠራበት የተዘጋጀውን ጽላት፣ ሰው በሚያድርበት ቤት ከጆንያ ሥር መወተፍ ሞትን በቤት ማሳደር ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሌላው መርዝ ደግሞ አይጡን ወዲያው ስለማይገድለው፣ የታመመውን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉት ተከትላ ትሞታለች። እንዲህም ሲሆን ወረዳው በገዛ ገንዘቡ የአይጥን ጠላት አጠፋ ማለት ነው።

ሆኖም ድመትን ከአቅሟ በላይ ማመስገን አይገባም። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ቻርልስ ኤልተን በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በአገሩ የእርሻ ቤቶች ድመቶች የሚያደርጉትን ተከታትሎ ጽፏል። ያገኘውም ነገር፣ ድመት አይጥ የሞላበትን ቤት ብቻዋን አታጸዳም፤ አስቀድሞ በሌላ መንገድ የጸዳውን ቤት ግን አይጥ ተመልሶ እንዳይሰፍርበት ልትጠብቅ ትችላለች የሚል ነው፤ ይህም ድመቲቱ ከስፍራው እንዳትርቅ በየጊዜው ወተት ቢሰጣት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ ከተማ የወጣ ሌላ ጥናትም ድመት ትልቁን የከተማ አይጥ እምብዛም እንደማትደፍር አሳይቷል። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን፣ የፈሰሰው እህል ይጠረግ፣ ወጥመድ ይጠመድ፤ መርዝም በባለሙያ ተደርጎ ከነበረ የሞተው አይጥ ሁሉ ተለቅሞ ይቀበር። ድመቲቱ ከዚያ በኋላ ትግባ። መርዝና ድመት በአንድ መጋዘን አብረው አይውሉም።

እንግዲህ ወደ ግልገሏ እንመለስ። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ እኛ ግን ዓመል ሲባል ከማኅፀን የመጣውን ብቻ እናስባለን። አደን ከተፈጥሮዋ ነው። ድመት ከአፍሪካ የዱር ድመት ወገን የተገኘች ናት፤ ወደ ሰው ያቀረባትም እህል የተከማቸበት ቦታ አይጥ ስለማይታጣው ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር የተቀበረች ድመት አፅም ተገኝቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲገለጥ፣ መቃብሩ 9,500 ዓመት ያህል እንዳለው ታውቋል። እጅን እንደ አይጥ መቁጠር ግን ከተፈጥሮዋ አይደለም፤ በሕፃንነቷ የሚለመድ ነገር ነው፤ ከለመደችውም በኋላ በእውነት አትረሳውም።

የድመት ግልገል ሰውን የምትለምድበት ዕድሜ እጅግ አጭር ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሰባተኛው ነው። በዚህ ጊዜ በየቀኑ በሰው እጅ የተዳሰሰችና የተነሣች ግልገል ሰውን አትፈራም፤ በዚህ ጊዜ ሰው ያልነካት ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ድካም ትጠይቃለች። በሌላ ወገን ደግሞ ግልገሏ የንክሻዋን ልክ የምትማረው ከእናቷና ከወንድሞቿ ነው። ሲጫወቱ አንዷ አጥብቃ ብትነክስ የተነከሰው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይቆማል፤ እናትም ትቆጣለች። አደንንም የሚያስተምሯት እኛ አይደለንም፤ እናቲቱ አስቀድማ የሞተ አይጥ፣ ቀጥላም በሕይወት ያለ እያመጣች በፊታቸው ትለቃለች። እንግዲህ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያሻል፤ ግልገሏ ከእናቷ ጋር መቆየት አለባት፤ ከእናቷ ጋር ሳለችም የሰው እጅ ሊያውቃት ይገባል።

በአገራችን የምናየው ልማድ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ግልገሏ ወር ሲሞላት፣ ዓይኗ ከተገለጠ ብዙም ሳይቆይ፣ «አደገች» ተብላ ለጎረቤት ትሰጣለች። በፊንላንድ አገር በ5,700 የሚበልጡ ድመቶች ላይ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው የተለዩት ከዘገዩት ይልቅ ቁጡዎች ሆነው መገኘታቸውን ገልጧል፤ እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት የቆዩት ደግሞ ከሁሉ የተሻሉ ነበሩ። በእኔ አሳብ ለመንግሥትም ሆነ ለማኅበር መጋዘን የምትሰጥ ግልገል አሥራ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት መቀበል አይገባም። ሰጪው ቢቸኩል ተቀባዩ ይታገሥ።

በአውሮጳ ፌሬት የሚባል፣ ከእኛ ፋሮ ጋር በመልኩ ጥቂት የሚመሳሰል ቀጭን እንስሳ አለ፤ ጥንቸልንና አይጥን ከጉድጓድ ለማስወጣት ያረቡታል። ጥርሱ ስለት ነው። አርቢዎቹ ግን ግልገሉን ከትንሽነቱ ጀምረው በየቀኑ ያነሡታል፤ ይህ ያልተደረገለት ፌሬት ሲያድግ ማንንም እንደሚነክስ ስለሚያውቁ ነው። እንስሳው ሌላ ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው።

ይህን የምጽፈው ከቂርቆስ ነው። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከሚባለው ድርጅት እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሥፍራ ተዛውሯል። ሰው ሲዛወር ዕቃው በመኪና ይጫናል፤ ድመት ግን ከባለቤቷ ይልቅ ቤቷን ስለምትወድ ወደ ኋላ ትቀራለች። በዚያ ወራት በፍርስራሹ አጠገብ ያለፍን ሰዎች ቤት የጠፋባቸውን ድመቶች፣ አንዳንዶቹንም ከነግልገሎቻቸው ተመልክተናል። አንዳንድ ደግ ሰው ግልገሎቹን በጆንያ እየከተተ በአውቶቡስ ለአገር ቤት ዘመዱ ይልክ ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ አላላኩ ግን ነካሽ ማምረቻ ነው። በጨለማ ጆንያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የተንገላታች ግልገል በመጨረሻ የምታየው ነገር አፉን ከፍቶ የሚገባ የሰው እጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጅ ማለት ለእርሷ ምን ማለት እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከከተማ ግልገል ለመቀበል የሚወድ ወረዳ አስቀድሞ አንድ ነገር ለይቶ ይጠይቅ፤ ይህች ግልገል በቤት ውስጥ በሰው መካከል የተወለደች ናት ወይስ በፍርስራሽ ውስጥ? የቤቷ ግልገል ለማንም ትሆናለች። የፍርስራሿ ግን ሁለት ወር ካለፋት ሰው ባይነካት ይሻላል፤ እርሷን ልጅ በማይገባበት ሩቅ መጋዘን አኑሮ፣ ምግቧን አስቀምጦ ፈቀቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለችው ድመትም አይጥ ትይዛለች፤ መዳበስን ብቻ አትፈልግም። ይህን ሳይለዩ ሁለቱንም በግድ ማቀፍ ለንክሻ መነሻ ነው።

ለመንገዱ ክዳን ያለውና አየር የሚያስገባ ቅርጫት ይበቃል። በውስጡ እናቷ የተኛችበት ቁራጭ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ሽታው ያጽናናታል። ሁለት እኅትማማች አብረው ቢላኩ እጅግ ይሻላል፤ እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ፤ የሰው ጣት ያርፋል። በመጋዘኑ ሲደርሱም በአንዲት ትንሽ ክፍል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ተዘግተው ይቈዩ፤ ምግባቸው፣ ውኃቸውና አፈር የተሞላ ሣጥን በዚያው ይኑር። በመጡበት ቀን የተለቀቁ ድመቶች በማግሥቱ አይገኙም፤ የመጋዘን ኃላፊውም «ድመት አይረባም» ብሎ ይጽፋል። በእግሯ ገመድ አስሮ ማቆየትም መፍትሔ አይደለም፤ የታሰረ እንስሳ መሸሽ ስለማይችል የሚቀረው መንከስ ብቻ ነው።

ስለ እጅ አያያዝ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ መጻፍ እወዳለሁ፤ ጉዳቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ግልገልን ከላይ ወደ ታች ዘሎ መያዝ ጭልፊት እንደ ወረደባት ያህል ያስፈራታል። የሚቀበላት ሰው ይቀመጥ፤ እጁን ዝቅ አድርጎ ይዘርጋ፤ እርሷ ቀርባ ታሽትተው። ሲያነሣትም አንዱን እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርጎ ይደግፋት። በማጅራት አንጠልጥሎ መያዝ እናቷ ሕፃን ሳለች የምታደርገው ነገር ነው፤ ሰው ያደገችውን እንዲህ ቢያደርግ ያሳምማታል። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ይያዛት፤ ጆሮዋን፣ መዳፏንና አፏን ዳሰስ ያድርግ፤ አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪም ሊያያት ሲመጣ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ደግሞም አንድ ሰው ብቻ አይያዛት። የመጋዘን ኃላፊዎች እንደሚዛወሩ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ አንዱን ብቻ የለመደች ድመት እርሱ በተዛወረ ማግሥት እንግዳውን ትነክሳለች። ሦስት ወይም አራት ሰው፣ ከእነርሱም አንዲት ሴት፣ ቢለምዷት መልካም ነው።

ጣትን እንደ መጫወቻ መስጠት ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ግልገሏ ትንሽ ሳለች ጥርሷ ስለማያደማ ሰው ይስቅበታል፤ በስድስት ወሯ ያው ጨዋታ ደም ሲያፈስ ግን ይመታታል። እርሷ ምን በደለች? ትናንት የተሳቀበትን ነው ያደረገችው። ለጨዋታ በክር ጫፍ የታሰረ ጨርቅ ወይም የዶሮ ላባ ይሰጣት፤ አደኗንም የምትለማመደው በዚያው ነው። ሥጋ የነካ እጅም ታጥቦ እንጂ እንዲሁ አይቅረብላት፤ አፍንጫዋ የነገራትን ብታምን አይፈረድባትም። ምግቧም ከጣት ላይ ሳይሆን በሳሕን ይቅረብላት።

ብትነክስ ምን ይደረጋል? እጅን መንጠቅ አይገባም። የሚሸሽ ነገር ለእርሷ አይጥ ነው፤ ጥርሷም ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ የተነጠቀ እጅ ይቀደዳል። እጅን ማርጋት፣ ጥቂትም ወደ እርሷ መግፋት፣ ስትለቅ በዝምታ አስቀምጦ መሄድ ነው። ጨዋታው መቆሙ ራሱ ቅጣት ነው፤ ወንድሞቿም ያስተማሯት በዚሁ መንገድ ነበር። አፍንጫዋን በጥፊ መምታት እጅ የሚመታ ነገር መሆኑን ብቻ ያስተምራታል። ደግሞ ምልክቷን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ ስታጋድም፣ ጭራዋን ወዲያና ወዲህ ስትወዘውዝ፣ የጀርባዋ ጠጉር ሲቆም «ተወኝ» ማለቷ ነው። ይህን ያላነበበ ሰው ቢነከስ ደብዳቤ ሳይደርሰው ቀርቶ አይደለም።

አራቦ ማርከሻውን የለመድነው ስም ነው እንጂ በሽታው ቀላል አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአዲስ አበባ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ሕዝብን ማስጨነቁ በታሪክ ተጽፏል፤ ዛሬም በአገራችን ሰው ይገድላል። በሰው ላይ የሚደርሰው ከሁሉ ይልቅ በውሻ ንክሻ ነው፤ ድመትም በውሻ ተነክሳ ልታስተላልፈው ትችላለች። ስለዚህ የመጋዘን ድመት ሦስት ወር ሲሞላት ክትባት ትውሰድ፤ ከዚያም በእንስሳት ሐኪሙ ቀጠሮ ይደገምላት። የተነከሰ ሰው፣ ንክሻው የመርፌ ቀዳዳ ቢያህልም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረዥም ስለሆነ ቁስሉ ከላይ ቶሎ ይዘጋል፤ በውስጡ ግን ይመግላል። ነካሿን በቁጣ መግደልም ስሕተት ነው፤ በዝግ ቤት 10 ቀን ብትጠበቅና ጤነኛ ሆና ብትገኝ የተነከሰው ሰው ልቡ ያርፋል፤ ሐኪሙም የሚያደርገውን ያውቃል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የድመት ዓይነ ምድር ነፍሰ ጡር ሴትን የሚጎዳ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ የአፈር ሣጥኑን ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ አታጽዳ፤ በተዘረገፈ እህል ላይም ድመት እንዳትጸዳዳ እህሉ በጆንያ ወይም በጎታ ይሁን። ሴቶቹ ድመቶች ሐኪም በሚገኝበት ወረዳ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ይምከኑ፤ የመከነች ድመት አደን አትተውም። አለዚያ ሁለት ብለን ያስገባናቸው በዓመቱ ቁጥራቸው ይበዛል፤ የተረፉትም ያለ ዕድሜያቸው ለመጣው ሁሉ ይታደላሉ፤ ያም እስካሁን የነቀፍነው ነገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ድመት ከተመገበች አይጥ አትይዝም» የሚል አሳብ በብዙ መጋዘን ኃላፊዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ድመት የምታድነው ስለ ራበት ብቻ አይደለም፤ ጠግባም ታድናለች። የራባት ድመት ግን መጋዘኑን ትታ ወደ ምግብ ቤት ትሄዳለች፤ የሰውንም እጅ ስታይ ምግብ ይዞ እንደ ሆነ ለማወቅ በጥርሷ ትሞክረዋለች። ስለዚህ ለሁለት ድመት ጥቂት ወተትና ትርፍራፊ ሥጋ በየቀኑ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚመዘገብ የሚያውቅ ኃላፊ ግን የለም፤ ስለዚህ ዘበኛው ከኪሱ ይከፍላል፤ ወይም አይከፍልም። ለመርዝ የሚፈቀደውን ገንዘብ ጥቂቱን ክፍል «ለመጋዘን ጥበቃ እንስሳት ቀለብና ክትባት» ብሎ ማዛወር ለአንድ ወረዳ አስተዳዳሪ የአንድ ፊርማ ሥራ ይመስለኛል። ከዚህ ጋር በመጋዘኑ መዝገብ ላይ ድመቶቹ የተወለዱበት ወር፣ የመጡበት ቀንና ክትባት የወሰዱበት ቀን ይጻፍ፤ ሰው ሲነከስም ማን፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ እንደ ተነከሰ ይመዝገብ። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ወረዳ ስለ ነካሽ ድመት የሚጽፈው ደብዳቤ ከእንግዲህ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ጊዜውንም ከወዲሁ መቁጠር ያሻል። በታኅሣሥ ወደ መጋዘን የሚገባውን እህል የምትጠብቅ ድመት በዚያን ጊዜ ለአደን የጠናች መሆን አለባት፤ ስለዚህ በግንቦት የተወለደች፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ከእናቷ ጋር የቆየች፣ በነሐሴ በቅርጫት የመጣችና እስከ መስከረም በክፍሏ ስፍራውን የለመደች ልትሆን ይገባል። እንዲህ ያለችውን የሚፈልግ ወረዳ በሚያዝያ ወር፣ ጎበዝ አዳኝ የሆነች እናት ድመት በየትኛው ቤት እንዳለች ጠይቆ፣ ባለቤቲቱን ግልገሎቹን በየቀኑ እንድታነሣቸው ከወዲሁ ቢለምንና የድካሟን ዋጋ ቢሰጥ ይሻላል።